ባለ አራት መድረክ የሮኬት ማስወንጨፊያ፦ ሽቦው፣ ሪሌው፣ ባትሪው

ባሶ ፊዚክስ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ለሳይንስ ክበባችን አራት ትንንሽ ሮኬቶችን በየተራ፣ አንዳንዴም ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚያስነሳ የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ልሠራ ተነሥቻለሁ። ሞተሮቹ ፋብሪካ የሠራቸው፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ ናቸው፤ የፈቃዱ ጉዳይ በሂደት ላይ ስለሆነ እስከዚያው የመኪና አምፖል በማቀጣጠያው (ሞተሩ ውስጥ ገብቶ በኤሌክትሪክ በሚለኩሰው ሽቦ) ቦታ እያስገባን መስመሩን ብቻ እንፈትሻለን። ስለዚህ ባሩድ ቤት ውስጥ ስለመቀመም የሚጽፍልኝ ሰው እንዳይኖር አደራ።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ባለ 12 ቮልት የሞተር ሳይክል ባትሪ እኔ ዘንድ ይቀመጣል። ከባትሪው ወደ ቁልፍ፣ ከቁልፉ ወደ አንድ ቀይ የሚጫን ማብሪያ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ መድረክ አንድ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ። ከሳጥኑ እስከ መድረኮቹ 30 ሜትር የኮምፒውተር ኔትወርክ ገመድ፤ ለየመድረኩ አንድ ሽቦ፣ ለመመለሻ ደግሞ ለአራቱም የጋራ አንድ ሽቦ። ማቀጣጠያው በትክክል መያያዙን ለማየት በቀዩ ማብሪያ ጎን ትንሽ አምፖል ተቀጥሎ መስመሩ ሙሉ ከሆነ ይበራል። ገመዱን የመረጥኩት በነጻ ስለተገኘ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሽቦው ይበቃል? አምፖሉስ?


ከጣርማበር በላይ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡02

መምህር፣ አይበቃም። ሒሳቡ ይኸውልዎ።

የዚያ ገመድ አንዱ ሽቦ ስፋቱ 0.2 ካሬ ሚሊሜትር ያህል ነው። 30 ሜትር ሄዶ 30 ሜትር ሲመለስ 60 ሜትር መዳብ ነው፤ ተቃውሞው ወደ 5 ኦም ይጠጋል። ማቀጣጠያውን 1 ኦም ብንለው ጠቅላላው 6 ኦም ይሆንና 12 ቮልቱ 2 አምፔር ብቻ ይሰጥዎታል። ያም ባትሪው ሙሉ ከሆነ፣ ማቀጣጠያውን የሚይዘው መቆንጠጫ ካልዛገ፣ የባትሪውን የራሱን ተቃውሞም ከረሳን ነው። ለተለመደው ማቀጣጠያ 2 አምፔር ጠርዝ ላይ መቆም ነው።

የባሰው ሁለቱን ባንድ ላይ ሲያስነሡ ነው። የጋራው መመለሻ የሁለቱንም ጅረት ይሸከማል። ስሠራው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 1.4 አምፔር ያህል ሆነ። አራቱን ባንድ ላይ ቢጫኑ ከ0.9 አምፔር በታች ይወርዳል። አንዱ ቀድሞ ይነሣል፣ አንዱ ይዘገያል፣ ሁለቱ ጨርሶ አይነሡም፤ ተማሪዎቹም እርስዎን ያያሉ።

በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ቢሆን የ60 ሜትሩ ተቃውሞ 0.4 ኦም ገደማ ነው፤ ጅረቱም ከ8 አምፔር ያልፋል። ችግሩ የመዳብ ዋጋ ነው። አምስት መስመር በ30 ሜትር ሲባዛ የክበቡን በጀት ይጨርሳል።


ቫልቮላ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡40

እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ ሮኬት አላውቅም። ጥሩምባ ግን አውቃለሁ። የከባድ መኪና ጥሩምባ ብዙ አምፔር ይበላል፤ ይሁንና መሪው ላይ ያለችው ማብሪያ ያን ሁሉ አትሸከምም። ሪሌውን፣ ማለትም በትንሽ ጅረት ተቀስቅሶ ብዙ ጅረት የሚያሳልፈውን ማብሪያ፣ ብቻ ትቀሰቅሳለች፤ ወፍራሙ ሽቦ ከባትሪ ወደ ሪሌ፣ ከሪሌ ወደ ጥሩምባ አጭር መንገድ ይሄዳል።

መምህር፣ ባትሪዎትን ከመድረኮቹ አጠገብ ያስቀምጡ። እዚያው ሳጥን ውስጥ ለየመድረኩ አንድ ባለ 12 ቮልት የመኪና ሪሌ። እግሮቹ ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች 85 እና 86 ሪሌውን የሚቀሰቅሰው የሽቦ ጥቅል ጫፎች፣ 30 እና 87 ኃይሉ የሚያልፍባቸው ናቸው። ጥቅሉ የሚፈልገው 0.15 አምፔር ያህል ስለሆነ ያ ቀጭን ገመድ ከበቂ በላይ ነው፤ 1 ቮልት እንኳ አያጎድልበትም። ከሪሌው እስከ ማቀጣጠያው ሁለት ሦስት ሜትር ወፍራም ሽቦ ይበቃል። ለየመስመሩ 15 አምፔር ቫልቮላ ያድርጉ፤ መቆንጠጫዎቹ ከተነካኩ ወይም ከሮኬቱ ሥር ያለው የእሳት መከላከያ ብረት ላይ ካረፉ የሚቃጠለው ቫልቮላው ብቻ ይሆናል።

በየሪሌው 85 እና 86 ላይ ዳዮድ (ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ዋን ኤን 4007 ይግጠሙ፤ ነጩ መስመር ወደ ፖዘቲቭ። ጥቅሉ ሲለቅ የሚተፋው ቮልት የማብሪያውን ጥርስ፣ ጅረት የሚያገናኘውን ጫፍ፣ ይበላዋል።


ስደተኛው መንዜ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡25

ጋሼ ቫልቮላ የተናገሩት እኔ በአባልነት ያለሁበት የውጭ አገር ክበብ የሚሠራበት ነው፤ ከሁለት መድረክ በላይ ላለው ሰው ሪሌ የምርጫ ጉዳይ አይደለም።

ስለ አምፖሉ ግን ማንም አላነሣም፤ ከሽቦው ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ባለ 5 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 0.4 አምፔር ያሳልፋል። ፈትሉ ቀዝቃዛ ሳለ ደግሞ ተቃውሞው ከሞቀው አንድ አሥረኛ ገደማ ስለሆነ በመጀመሪያዋ ቅጽበት የሚያልፈው ከዚያ በጣም ይበልጣል። ወፍራም ፈትል ያለው ማቀጣጠያ ይህን ይችለው ይሆናል። የኤሌክትሪክ ክብሪት የሚባለው ስስ ዓይነት ግን ከ1 አምፔር በታች የሚነሣ ነው። መስመሩን ልፈትሽ ብለው ቁልፉን ሲያዞሩ ሮኬቱ ይሄዳል።

ኤልኢዲ፣ በጥቂት ጅረት የምትበራውን ትንሽ መብራት፣ ይጠቀሙ። ከ1 ኪሎ ኦም ተቃዋሚ ጋር በተርታ ቢቀጠል የሚያልፈው 10 ሚሊ አምፔር ያህል ነው፤ ይህ ምንም አያቀጣጥልም።

ሌላው፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የሮኬት ማኅበር የደህንነት ደንብ ስለ መቆጣጠሪያ የሚለው አጭር ነው፦ ከማስነሻው ጋር በተርታ የገባ የደህንነት መቆለፊያ ይኑር፤ ማስነሻው እጅ ሲነሣ ራሱ የሚጠፋ ይሁን፤ ሮኬቱ ካልተነሣ መቆለፊያው ተነቅሎ ወይም ባትሪው ተላቆ 60 ሰከንድ ሳይሞላ ማንም አይቅረብ። ርቀቱ፣ ሞተሮች በጉልበታቸው መጠን በፊደል ስለሚለዩ፣ ለዲ እና ከዲ በታች ላሉ ሞተሮች 5 ሜትር ያህል፣ ከዚያ ለሚበልጡት 9 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ 30 ሜትሩ ግዴታ አይደለም፤ ገመድ ማሳጠር ከሁሉ የረከሰው መፍትሔ ነው።


ባሶ ፊዚክስ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

ገመዱን አላሳጥርም። እናንተ የምትቆጥሩት አንድ ሰው በአንድ ሮኬት ነው፤ እኔ የምቆጥረው ስልሳ ተማሪ ነው፤ ስልሳ ተማሪ 9 ሜትር ላይ ቁም ብትሉት 4 ሜትር ላይ ይገኛል።

ሪሌውንና ኤልኢዲውን ተቀብያለሁ። የቀረኝ ጥያቄ መምረጫው ነው። አራት ማብሪያ ማጥፊያ ይሻላል ወይስ አንድ የሚዞር መምረጫ? ጅረቱ ከተቀነሰ የሚዞረውም ይችለዋል።


ስልክ እንጨት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡33

አራት ማብሪያ። የሚዞረው አንዱን ብቻ ነው የሚመርጠው፤ ሁለት ሮኬት ማወዳደር ከፈለጉ አይሆንም።

ደግሞ ከቻሉ የሪሌውን 87ኤ አይርሱት። ሪሌው ሳይቀሰቀስ 30 ከ87ኤ ጋር የተገናኘ ነው። 87ኤውን ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ቢወስዱት ማቀጣጠያው ሥራ ላይ ባልሆነበት ጊዜ ሁሉ ሁለቱ ጫፎቹ ተያይዘው ይቆያሉ። ከሌላ ቦታ የሚመጣ ጅረት ቢኖርም በማቀጣጠያው ውስጥ ሳይሆን በጎን ያልፋል። ከፍተኛ ጥንቃቄ ነው።


ከጣርማበር በላይ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

ስልክ እንጨት፣ ሐሳብህ መልካም ነው፤ ሥዕሉን ግን ወረቀት ላይ አውጣና የጋራውን መመለሻ በጣትህ ሸፍነው። ተበጠሰ እንበል፤ ወይም ከባትሪው ዋልታ ላይ ላላ። አሁን መድረክ አንድን ቀስቅስ።

ጅረቱ ከፖዘቲቭ ይነሣና በ87 እና በ30 አልፎ ማቀጣጠያ አንድ ውስጥ ይገባል። ወደ ባትሪው መመለሻ የለውም። ነገር ግን የጋራው መስመር ላይ ማቀጣጠያ ሁለት፣ ሦስትና አራት ተያይዘዋል። በእነሱ ውስጥ ወደ ኋላ ያልፋል፤ ከዚያ በየራሳቸው 30 እና 87ኤ አድርጎ ኔጋቲቭ ይደርሳል። የጠበቃቸው መስመር ራሱ መንገድ ሆነለት። ከሦስቱ አንዱ ስስ የኤሌክትሪክ ክብሪት ከሆነ፣ አንድን ስትጫን ሦስትም ትነሣለች።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ስጋት አይደለም። ኅዳር 12 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ እኛ ኅዳር ሚካኤልን ስናከብር በዋልንበት ዕለት፣ አሜሪካ ኬፕ ካናቬራል ላይ ሜርኩሪ ሬድስቶን አንድ የተባለው ሰው ያልተሳፈረበት የሙከራ ሮኬት ተቀጣጥሎ 10 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ተመልሶ መድረኩ ላይ ተቀመጠ። ጭራው ላይ ያሉት መሰኪያዎች መላቀቅ ከሚገባቸው ቅደም ተከተል ውጭ ተላቀቁ፤ የመሬት መስመሩ ቀድሞ ሲለያይ ጅረቱ ባልታሰበ መንገድ ዞሮ ሞተሩን የሚያጠፋውን ሪሌ ቀሰቀሰው። በአደጋ ጊዜ ካፕሱሉን ነጥቆ እንዲያወጣ የተሠራው የማምለጫ ማማ ብቻውን ተወንጭፎ ሄደ፤ ጃንጥላዎቹ ካፕሱሉ አናት ላይ ወጥተው ነፋስ ሲያወዛውዛቸው ዋለ። ነዳጅ የሞላ ሮኬት ያለ ምንም ማሰሪያ ቆሞ ስለነበር ባትሪዎቹ እስኪደክሙ ድረስ እስከ ማግስቱ ጠበቁት። መፍትሔያቸው ምን ነበር? የመሬቱ ግንኙነት ከሁሉ በኋላ እንዲለያይ የሚያደርግ ተጨማሪ ማሰሪያ።


ስልክ እንጨት
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12፡50

ወረቀት ላይ አወጣሁት፤ እውነትህን ነው። ግን መፍትሔው ቀላል ነው። 87ኤውን ወደ ባትሪው ሳይሆን ወደዚያው መድረክ የመመለሻ መቆንጠጫ አስረው። መመለሻው ቢበጠስ ሁሉም እዚያው ይዘጋል እንጂ ወደ ባትሪ የሚወስድ ጎዳና አያገኝም።


ከጣርማበር በላይ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡20

እሱ ያን ወደ ኋላ የሚሾልክ መንገድ ይዘጋል። ሌላ ነገር ያበላሻል፤ የመምህርን ኤልኢዲ። የፍተሻው 10 ሚሊ አምፔር 30 ላይ ሲደርስ ማቀጣጠያው ቢኖርም ባይኖርም በ87ኤ በኩል ያልፋል። መድረኩ ባዶ ሆኖ ኤልኢዲው ይበራል። የሚዋሽ መብራት ከሌለ መብራት የከፋ ነው።


ቫልቮላ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡05

87ኤን ባዶ ተዉት። የማቀጣጠያውን ሁለት ጫፎች ጠምዝዛችሁ ያዙ፤ መቆንጠጫው ላይ ስትደርሱ ፍቱት። ይኸው ነው።

እናንተ ስለ ዋልታ ስትጨቃጨቁ እኔ ስለ በግ አስብ ነበር። የሚያስወነጭፉት ከጠባሴ ወዲያ ሜዳ ላይ ከሆነ ያ 30 ሜትር ገመድ መሬት ላይ ይዘረጋል። በግ ይረግጠዋል፣ አህያ ይረግጠዋል፣ ተማሪም ይረግጠዋል። ልጣጩ ተልጦ ሁለት ሽቦ ቢነካካ ምን ይሆናል?

ሁላችሁም ባትሪው መድረኩ ጋ ከሄደ የእጅ ሳጥኑ 12 ቮልቱን በዚያው ገመድ ከመድረኩ ይለምናል ብላችሁ ነው የተነሣችሁት። ያ ማለት ምንጩ ዘወትር ገመዱ ውስጥ አለ። ፖዘቲቩ ከመድረክ ሦስት የጥቅል ሽቦ ጋር ቢነካካ፣ ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ ሳለ ሪሌው ይዘጋል። በዚያ ሰዓት አንድ ልጅ ጎንበስ ብሎ መቆንጠጫ እየያዘ ይሆናል።

ሁለት ባትሪ ያድርጉ መምህር። ትልቁ መድረኩ ጋ፣ ለማቀጣጠል ብቻ። ትንሽ ባለ 12 ቮልት እጅዎ ሳጥን ውስጥ፣ ጥቅሎቹን ለመቀስቀስ ብቻ። ሁለቱ የትም ቦታ አይገናኙ። እንዲያ ከሆነ ቁልፉ ከተነቀለ ያ ገመድ ሙት ሽቦ ነው፤ በጉ ቢፈልግ ያኝከው።

አምስተኛ ሪሌ ጨምሩ፤ ቁልፉ ሲዞር እሱ ይዘጋና ለአራቱ ኃይል ይሰጣል። ገመዱ ስምንት ሽቦ አለው፦ ለአራቱ ጥቅሎች አራት፣ ለዋናው ሪሌ አንድ፣ ሦስቱን አንድ ላይ አድርገው መመለሻ።


ስደተኛው መንዜ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡00

ጋሼ፣ የበጓን ነገር በያለሁበት ክበብ አነባታለሁ። እዚህ በግ የለንም፤ የሣር ማጨጃ መኪና አለን።

በዚሁ ላይ አንድ ልጨምር። ኤልኢዲዎቹ መድረኩ ጋ ቢሆኑ በደብረ ብርሃን ፀሐይ ከ30 ሜትር አይታዩም፤ ስለዚህ እጅ ሳጥኑ ላይ መሆን አለባቸው፤ ለዚህም ሁለተኛ ገመድ ያስፈልጋል። 1 ኪሎ ኦም ተቃዋሚዎቹን ግን ከኤልኢዲዎቹ ጋር አያስቀምጧቸው። መድረኩ ሳጥን ውስጥ፣ ሽቦው ከ30 ወጥቶ ገመዱን ከመያዙ በፊት ይቀጠሉ። አለበለዚያ ሁለተኛው ገመድ ሲነካካ ተቃዋሚውን ዘሎ ሁለት አምፔር ወደ ማቀጣጠያው ይለቃል። ተቃዋሚው በሩ ላይ ከቆመ ገመዱ እንደፈለገ ቢበላሽ ከ12 ሚሊ አምፔር በላይ አያልፍም።


ቆላ ሮቢት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15

ይህ ሁሉ ሽቦ ምን አደረገላችሁ? ወደ ሸዋ ሮቢት አምጡት፤ እኛ ጋ ሮኬቱ በሙቀቱ ራሱ ይነሣል። ከምሬ ግን፣ የባትሪውን ነገር አትናቁት። በእናንተ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሌሊት ውጭ ያደረ ባትሪ ጠዋት ላይ ስንፍና አለበት። ቤት ውስጥ ሞልታችሁ አሳድሩት፤ ሜዳ ላይም በቀጥታ መሬት አታስነኩት።


የአውድማ ልጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡40

የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ከመርሐ ቤቴ እስከ መንዝ ዞሬያለሁ። ሁላችሁም ስለ ሽቦ ስታወሩ ስለ ገብሱ ዝም አላችሁ።

ክረምት ላይ መረሬው አፈር መኪናም ሰውም አያስገባም። ስለዚህ በጋ ትመርጣላችሁ። በጋ ደግሞ ገብሱና ስንዴው ታጭዶ ክምሩ ሜዳው ላይ ነው፤ ቃርሚያው ደርቋል። የአንድ ገበሬ የዓመት እህልና የከብቶቹ መኖ በአንዲት ፍንጣሪ ይሄዳል። አውድማው ተወቅቶ እህሉ ጎተራ፣ ጭዱም ቤት እስኪገባ ጠብቁ። ከዚያም መድረኩ ዙሪያ ያለውን ሣር እስከ አፈሩ ጥረጉ፤ ውኃ አርከፍክፉ፤ ከእሳት መከላከያው ብረት በተጨማሪ አካፋና ባልዲ ያዙ። ነፋሱንም ተመልከቱ፤ በዚያ አምባ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ሮኬቱን የሰው ማሳ ላይ ይጥለዋል።

ከሁሉ በፊት ግን ፈቃድ። ለቀበሌው፣ ለፖሊስ፣ ለሜዳው ባለቤትና ለአካባቢው ሽማግሌዎች ቀደም ብሎ ይነገር። በዚህ ዘመን ሰው ሳያውቅ ድንገት ሽው ብሎ ጭስ የሚተው ነገር ማስነሣት ከሞኝነት ያለፈ ነው። አይሆንም ከተባላችሁ አይሆንም ነው፤ መቆጣጠሪያው አምፖል እያበራ ይቆያል።


ስደተኛው መንዜ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡30

በሙሉ ልቤ እስማማለሁ። የነፋሱ ወሰን በደንቡ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለጀማሪ ግን የዚያ ግማሽ ይበቃዋል። ደግሞ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል ነው የሚወፍረው፤ ጃንጥላው 15 በመቶ ያህል ፈጥኖ ይወርዳል። በመጠኑ ሰፋ ያለ ጃንጥላ ይስፉለት።


ባሶ ፊዚክስ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡20

ሠራነው። ሳጥኑ የምሳ ዕቃ ነው፤ ተማሪዎቹ ቀብተውት አምሮበታል። ሁለት ባትሪ፣ አምስት ሪሌ፣ ሁለት ገመድ። 87ኤ ባዶ። በማቀጣጠያው ፈንታ ባለ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል በየመድረኩ አንድ አንድ አስገባን፤ አንዱ 1.75 አምፔር ስለሚወስድ ለፈተና ተስማሚ ነው። አራቱንም ባንድ ላይ ስንጫን እኩል በሩ፤ አንዱም አልደበዘዘም። የጋራውን መመለሻ ሆን ብለን ነቅለን ስንጫን አንድም አልበራም። ቁልፉን አውጥተን የመጀመሪያውን ገመድ ስምንቱንም ሽቦ ባንድ ላይ አያያዝነው፤ ሪሌ አልጮኸም። ተማሪዎቹ በጉን ሊያመጡት ነበር፤ ከለከልኳቸው።

መምረጫውን ስልክ እንጨት እንዳለው አራት ማብሪያ አደረግሁ፤ ነገር ግን መክደኛ ያላቸውን ገዛሁ። መክደኛው ሲዘጋ ማብሪያውን ራሱ ያጠፋዋል፤ ስለዚህ በርቶ የተረሳ እንደሌለ ከሩቅ ይታያል።

አንድ ነገር አልተፈታልኝም። የአንዱ መድረክ ሪሌ ጥርሱ ተጣብቆ ቢቀርስ? በሚቀጥለው ዙር ገና ቁልፉን ሳዞር ያ ሮኬት ይሄዳል።


ቫልቮላ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12፡45

ይጣበቃል፤ በተለይ መቆንጠጫ ተነካክቶ ብዙ ጅረት ካለፈበት በኋላ። መኪና ላይ ጥሩምባው አልቆም ሲል ትሰሙት የለ።

በየመድረኩ መቆንጠጫ ላይ፣ በ30 እና በመመለሻው መካከል፣ ለዚህ ፍተሻ ብቻ የፍሬቻውን አምፖልና ከጎኑ አንድ ቀይ ኤልኢዲ ከነተቃዋሚው ይቀጥሉ፤ ሲጨርሱ ሁለቱንም ያንሱ። የኤልኢዲ መስመሩ 10 ሚሊ አምፔር በአምፖሉ ውስጥ ሲያልፍ ቀዩን ለማብራት የሚበቃ ቮልት አይፈጥርም። ቀዩ የሚበራው ሙሉው 12 ቮልት መቆንጠጫው ላይ ሲደርስ ብቻ ነው።

ታዲያ ከየዙሩ በፊት፣ ሮኬትም ማቀጣጠያም ሳይኖር፣ ቁልፉን ያዙሩ፤ ማንም ምንም አይጫን። ቀይ የበራበት መድረክ ሪሌው ተጣብቋል፤ ያን ሪሌ አውጥተው ይጣሉት፤ በፒንሳ እየመቱ አያላቁት፤ ነገም ይጣበቃል። ቀይ ካልበራ ቁልፉን ነቅለው ኪስዎ ይክተቱና ተማሪዎቹ ሮኬቶቹን መድረኩ ላይ ያቁሙ።


ባሶ ፊዚክስ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡10

ጋሼ፣ ቀዩ ኤልኢዲ እኮ በፀሐይ አይታይም አልተባለም?


ቫልቮላ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡18

ባዶ መድረክ ላይ ለሚደረግ ፍተሻ አጠገቡ ሄዶ ማየት ምን ይከለክላል? ሮኬት የለበትም። በእጅዎ ጋርደው ያዩታል። ቁልፉ ላይ የሚቆመው ግን እርስዎ ብቻ ይሁኑ፤ ወደ መድረኩ ሄዶ የሚያየው ሌላ ሰው ይሁን፤ እሱ ጮኾ እስኪነግርዎ ቦታዎን አይልቀቁ።

ሪሌ ስትገዙ ደግሞ እግሩ ላይ 30 እና 87 ተጽፎ እንደሆነ እዩ። ያልተጻፈበትን በቴስተር ሳትለኩ አትቀጥሉ፤ ገበያ ላይ ቁጥሩ የተዛባ አጋጥሞኛል።